ሰፊ ሱሪና ሁዲ የለበሰ ሰው በር ላይ ለምን ይቆማል?

የውቤ በረሃ ልጅ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። በዚህ መድረክ እስካሁን አንባቢ ብቻ ነበርኩ፤ ዛሬ ግን ሳምንቱን ሙሉ ከራሴ ጋር ስሟገትበት የሰነበትኩትን ጉዳይ ይዤ ቀርቤያለሁ። 27 ዓመቴ ነው። ተወልጄ ያደግሁት ደጃች ውቤ ሠፈር ሲሆን፣ አራት ኪሎ አካባቢ በሚገኝ ማተሚያ ቤት የመጽሔትና የመጽሐፍ ገጽ እያቀናበርኩ እተዳደራለሁ። ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጀምሮ የሂፕ ሆፕ አድማጭ ነኝ፤ አለባበሴም ከሙዚቃው ጋር አብሮ የመጣ ነው፦ ሰፊ ጂንስ፣ ባለ ቆብ ሹራብ ወይም ሁላችን እንደምንለው ሁዲ፣ ካፕ፣ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ቢጫ ቲምበርላንድ ጫማ። ሱሪዬ ሰፊ ነው እንጂ ከወገቤ አይወርድም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው የመጀመሪያው መልስ «ሱሪህን ከፍ አድርግ» እንዳይሆን ነው።

ባለፈው ማክሰኞ የአንድ ድርጅት ዓመታዊ መጽሔት ሁለተኛው እርማት ስላለቀ፣ ደንበኛው አይቶ እንዲፈርምልኝ ቅጂውን ይዤ ብሔራዊ ቲያትር አካባቢ ወዳለው መሥሪያ ቤቱ ሄድኩ። ከታክሲ ወርጄ ጥቂት እንደተራመድኩ ካፊያ ጀመረ። ወረቀቱ እንዳይርስብኝ ፖስታውን ከሹራቤ ሥር ሸጎጥኩት፤ ቆቡንም በካፑ ላይ ደረብኩት። ከፊቴ ሙሉ ልብስ የለበሱ ሁለት ሰዎች እያንዳንዳቸው ቦርሳ አንጠልጥለው ደረሱ፤ ጥበቃው ቦርሳዎቹን ሳያይ እጁን ወደ ግንባሩ አንሥቶ አሳለፋቸው። እኔ ስደርስ ግን ደረቴን በመዳፉ ገታና «ምን ደብቀሃል?» አለኝ። ፖስታውን አውጥቼ ሰጠሁት። እዚያው ካፊያው ላይ ቆሞ ከፈተውና እያንዳንዱን ገጽ ገለጠ፣ መጨረሻ ላይም የሚወድቅ ነገር ካለ ብሎ አራገፈው። ከዚያም «ተላላኪ ከሆንክ በጓሮ በር ዙር» አለኝ። ያዘጋጀሁት እኔ እንደሆንኩ ስነግረው ከት ብሎ ሳቀ። ክፉ ሰው አይመስለኝም፤ ነገሩን በእውነት እንደ ቀልድ ነበር የወሰደው። ያሳመመኝም ያ ሳቅ ነው። የሽፋኑ ቀለም በውኃው ስለተዝረከረከ እንደገና ለማተም ወደ አራት ኪሎ ተመለስኩ።

በታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ እናት ቦርሳቸውን ከአንዱ ጉልበታቸው ወደ ሌላው ሲያዛውሩ ማየት ለምጄዋለሁ፤ እሱን አልቆጥረውም። የራሴ እናት ግን ታሪኩን ስነግራት ከጥበቃው ጋር ወገነች። «አንተን የማያውቅ ሰው የሚያውቀው ልብስህን ነው» አለችኝ።

ጥያቄዬ እንግዲህ ይህ ነው። ይህ አለባበስ ከዱርዬነትና ከወንጀል ጋር የተቆራኘው ከየት ተነሥቶ ነው? ብዙ ሰው እንደሚለው መነሻው እስር ቤትና የወሮበሎች ቡድን ነውን? ደግሞስ ሥራዬ በየመሥሪያ ቤቱ የሚያዞረኝ ሰው እንደመሆኔ አለባበሴን ብለውጥ መሸነፍ ነው ወይስ ብልኅነት? የደረሰባችሁ ካላችሁ እንድታካፍሉኝ እጠይቃለሁ።

ሸማ ተራ

ወንድሜ፣ የልብስ ቅድ አስተማሪ ነኝ፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ጥያቄህ ልጀምር፤ ሁለተኛውን ከእኔ የተሻሉ ሰዎች ይመልሱታል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

አንተ የዘረዘርካቸው ልብሶች በሙሉ ማለት ይቻላል የሥራ ልብሶች ናቸው። ጂንስን በመዳብ ሚስማር አጠንክሮ የመሥራት መብት እ.ኤ.አ. በ1873 አሜሪካ ውስጥ ሲመዘገብ፣ የታሰበው በማዕድን ቁፋሮና በጉልበት ሥራ ሱሪያቸው ኪሱ ላይ ለሚቀደድባቸው ሰዎች ነበር። ሁዲ በ1930ዎቹ ቻምፒየን በተባለው ፋብሪካ ሲሠራ፣ በኒው ዮርክ ግዛት ሰሜናዊ ክፍል በማቀዝቀዣ መጋዘን ውስጥ ለሚሠሩ ሰዎች ብርድ መከላከያ ሆኖ ነው። ካርሃርት የተባለው የልብስ ፋብሪካ በ1889 ዲትሮይት ላይ የባቡር ሐዲድ ሠራተኞችን ለማልበስ ተቋቋመ። የአንተ ቢጫ ጫማም ቢሆን በ1973 ሲወጣ ውኃ የማያስገባ የሠራተኛ ጫማ ነበር። እኛም ዘንድ ብናይ «ቱታ» የምንለው ቃል ከጣሊያንኛ የመጣ የሠራተኛ ልብስ ስም ነው፤ ዛሬ የጋራዥ መካኒክ የሚለብሰውንም፣ ወጣቱ ፒያሳ ለብሶት የሚዞረውን የስፖርት ልብስም በአንድ ስም እንጠራቸዋለን። ስለዚህ ሥራ ፈት የሚያሰኝህ ልብስ ታሪኩ ሲገለጥ ከሥራ ልብስ በቀር ሌላ አይደለም። ይህ ሁልጊዜ ያስቀኛል።

ሙዚቃው ራሱ የተወለደው በልብስ ምክንያት ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ነሐሴ 5 ቀን 1965 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ 1973 መሆኑ ነው፣ በኒው ዮርክ ከተማ ብሮንክስ፣ በሴጅዊክ ጎዳና ቁጥር 1520 በሚገኝ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ ውስጥ ሲንዲ ካምቤል የምትባል ወጣት ግብዣ አዘጋጀች። ዓላማዋ ትምህርት ቤት ሲከፈት የምትለብሰውን አዲስ ልብስ መግዣ ገንዘብ ማግኘት ነበር። መግቢያው ለሴት 25 ሳንቲም፣ ለወንድ 50 ሳንቲም ነበር፤ ሙዚቃውን ያጫወተው ደግሞ ዲጄ ኩል ኸርክ ተብሎ የታወቀው ወንድሟ ነው። ሂፕ ሆፕ ልደቱን የሚያከብረው በዚያች ሌሊት ነው።

የእስር ቤቱ ጉዳይ ከፊል እውነት አለው። በአሜሪካ እስር ቤቶች ታራሚ ራሱን ወይም ሌላውን እንዳይጎዳበት ቀበቶውና የጫማ ማሠሪያው ይወሰድበታል፤ ሱሪን ከወገብ አውርዶ የመልበስ ልማድ ከዚያ ወጣ የሚለው አባባል በሰፊው የሚነገረውም በዚህ ምክንያት ነው። ሱሪን ማውረድና ሰፊ ሱሪ መልበስ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ሰፊው ሱሪ ለዳንስ ይመቻል፣ ከታላቅ ወንድም ለታናሽ ይተላለፋል፣ በክረምት ከሥሩ ሌላ ይደረብበታል። የጫማውን ማሠሪያ በተመለከተም ራን ዲኤምሲ የተባለው የራፕ ቡድን የአዲዳስ ጫማውን ያለ ማሠሪያ እየተጫማ መድረክ ላይ ወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1986 ኩባንያው ለእነዚያ ልጆች አንድ ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሚያወጣ ውል ፈረመላቸው። የታራሚ ምልክት ነው የተባለው በሱቅ መስኮት ለሽያጭ ቀረበ ማለት ነው።

የፍርሃቱ መነሻ ግን ከልብሱ ይልቅ ልብሱን የለበሰው ጥቁር ወጣት ነው። የኒው ዮርክ ፖሊስ ሰውን መንገድ ላይ አስቁሞ ሲፈትሽ በሚሞላው ቅጽ ላይ፣ ምክንያት ተብለው ከተዘረዘሩት ሳጥኖች አንዱ «ለወንጀል መፈጸሚያ የተለመደ ልብስ» የሚል ይዘት ነበረው። በ2011 ብቻ ከ685 ሺህ በላይ የማስቆም ድርጊት ተመዝግቧል፤ ከአሥሩ ዘጠኝ የሚሆነው ያለ እስርና ያለ ክስ ነው ያለቀው። በፍሎሪዳ ኦፓ ሎካ የምትባል ትንሽ ከተማ ደግሞ በ2007 ሱሪ ማውረድን በደንብ ከልክላ ነበር፤ ደንቡን የሻረችው በ2020 ነው። «ሱሪ በአንገት» የሚባለው እንዲህ ያለው ይመስለኛል። በዚያው በፍሎሪዳ በ2012 ሁዲ ለብሶ ከሱቅ ሲመለስ በጥይት የተገደለውን የ17 ዓመቱን ትሬቨን ማርቲንን ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። እኛ ልብሱን ከነስሙ ስንወስድ ይህን ፍርሃት ደግሞ በፊልሙና በቪዲዮው በኩል ሳናውቀው ተቀበልን። የሚገርመው የሚፈራውም የሚፈተሸውም ያው የእኛው ልጅ መሆኑ ነው።

ጠመኔና ሜትር

ልጄ፣ ጽሑፍህን ያነበበልኝ የልጅ ልጄ ነው፤ መልሱንም እኔ እየተናገርኩ እርሱ ይጽፋል። በ1963 ዓ.ም. አጎቴ ዘንድ ፒያሳ ቁልፍ እየተከልኩ ሥራ የጀመርኩ ልብስ ሰፊ ነኝ። በ2016 ዓ.ም. አካባቢው ለኮሪደር ልማቱ ሲፈርስ የስፌት መኪናዬን ጭኜ ወደ ሌላ ሠፈር ተዛውሬያለሁ፤ ጤና እስከሰጠኝ ድረስ ግን እሰፋለሁ።

የአንተ ሱሪ ለእኔ አዲስ አይደለም። ያኔ የጎረምሳው ሁሉ ምኞት ቤልቦተም ነበር። አዲስ ማሰፋት ያልቻለው የአባቱን ሱሪ ይዞልን ይመጣል፤ እኛም ከጉልበት በታች ስፌቱን ፈትተን ሦስት ማዕዘን ጨርቅ እናስገባበታለን። ተመሳሳይ ጨርቅ ስለማይገኝ ብዙ ጊዜ የገባው ጨርቅ ከሱሪው ቀለም ጋር አይስማማም ነበር፤ ልጆቹ ግን ያንኑ እንደ ጌጥ ያዩት ነበር። አባት ሱሪውን ፍለጋ ሱቃችን ድረስ መጥቶ አጎቴን የሰደበበትን ቀን አስታውሳለሁ። «ልጄን ዱርዬ አደረግህብኝ» ነበር ያለው። ከዓመታት በኋላ፣ አሜሪካኖቹ የለበሱት ሰፊ ጂንስ በቦንዳ እየተጠቀለለ በየገበያው መታየት ሲጀምር፣ ያ ቤልቦተም የተሰፋለት ልጅ ሸምግሎ ልጁን እየጎተተ መጣና ጂንሱን አጥብብልኝ አለኝ። ምክንያቱን ስጠይቀው የተናገረው የአባቱን ቃል ነው፤ አንዲት ፊደል አልቀየረም። እኔም ፊቱን እያየሁ ዝም አልኩ፤ ደንበኛ ነዋ። የልባሽ ልብስ ንግድ የተከለከለ ቢሆንም የመጣልንን ጂንስ ግን እናጠባለን፣ እናሳጥራለን። ቦንዳው ውስጥ የሚገኘው አብዛኛው የግዙፍ ሰው ልክ ስለሆነ፣ ገንዘብ ያነሰው ወጣት ሳይወድ በግዱ ሰፊ ይለብስ ነበር። በኋላ ነው ፋሽን ነው የተባለው።

በልብስ መጣላት የአባትና የልጅ ብቻ አይምሰልህ። በመጋቢት 1960 ዓ.ም. ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ራስ መኮንን አዳራሽ የፋሽን ትርዒት ሲዘጋጅ፣ ሚኒ ስከርቱንና የውጭውን ፋሽን የተቃወሙት ሽማግሌዎች አልነበሩም፤ «የባህል ወረራ ነው» ብለው የተነሡት ለውጥ ፈላጊ የሚባሉት ተማሪዎች ራሳቸው ነበሩ። ፖሊስ ገባ፣ ተማሪዎች ታሰሩ፣ ዩኒቨርሲቲውም ተዘጋ። እኔ ያኔ ልጅ ነበርኩ፤ አጎቴ ግን በዚያ ሰሞን አጭር ቀሚስ ያዘዙ ደንበኞቹ ቅምቅማቱን ፍታልንና አስረዝምልን እያሉ እንደተመላለሱበት ይነግረኝ ነበር።

የልጅ ልጄ ደግሞ ዳፐር ዳን ስለሚባል፣ በኒው ዮርክ ከተማ የሃርለም ሠፈር ልብስ ሰፊ አጫወተኝ። በፈረንጆቹ 1982 በ125ኛው ጎዳና ሱቅ ከፍቶ የታላላቆቹን የፋሽን ቤቶች ምልክት በራሱ ቅድ ላይ እያተመ ለራፐሮቹ ይሰፋ ነበር፤ ባለ ምልክቶቹ ከሰሱት፣ ዕቃውን አስወረሱት፣ በ1992 ሱቁ ተዘጋ። በ2017 ጉቺ የተባለው የፋሽን ቤት የእርሱን ጃኬት የሚመስል ጃኬት አውጥቶ ሲወቀስ ታረቁና በማግስቱ ዓመት እዚያው ሃርለም ውስጥ አብረው የስፌት ቤት ከፈቱ። ይህን ስሰማ በሙያዬ ኮራሁ። መጀመሪያ ሌባ፣ ቀጥሎ ሊቅ። እጁ ግን ያው እጅ ነው።

አንድ ነገር ግን አልደብቅህም። ሰፊ ሱሪ ሁለት ዓይነት ነው፤ ሰፊ ሆኖ የተቀደደና ሰው ስለሌለበት የሰፋ። የመጀመሪያው ወገቡ ልክ ነው፣ የእግሮቹ መገናኛ ቦታውን ይዟል፣ ጨርቁ ከዳሌ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ሁለተኛው ቀበቶ ላይ ተኮማትሮ ቅምቅማቱ አስፋልት ይጠርጋል። ጥበቃው ልዩነቱን በስም አያውቀው ይሆናል፤ ዐይኑ ግን ያውቀዋል።

የበር ሰው

ጠያቂው ወንድሜ፣ እኔ አንተን ያስቆመህ ሰው አይደለሁም፤ ሥራዬ ግን ያው የእርሱ ነው። ለገሃር አካባቢ በአንድ ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ በጥበቃነት እሠራለሁ። ጋሼ የጻፉትን አንብቤ ሌላው ወገን እንዲታወቅ ብዬ ነው።

ማንን መፈተሽ እንዳለብን የሚዘረዝር ወረቀት የለንም። የሚሰጠን ትእዛዝ «ሁሉንም ፈትሹ» የሚል ነው፤ በተግባር ግን ሁሉንም የፈተሸ ጥበቃ ሥራው ላይ አይቆይም። ኮት የለበሰውን ሰው አስቁሜ ቦርሳውን ካስከፈትኩት፣ ሰውዬው የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ወይም የኃላፊው እንግዳ ከሆነ ስልክ ይደወላል፣ ተጠርቼ እወቀሳለሁ። ሁዲ የለበሰውን ባስቆም ግን የሚደውልልኝ የለም። ስለዚህ የምናየው ልብሱን ብቻ ሳይሆን ከልብሱ ጀርባ ስልክ የሚያነሣ ሰው መኖር አለመኖሩን ነው። ይህን ስጽፍ አፍሬ ነው፤ እውነቱ ግን ይህ ነው። በነገራችን ላይ እኔ በምሠራበት ሕንፃ ላፕቶፕ ተሰርቆ በካሜራ ሲታይ፣ ይዞት የወጣው ክራቫት ያሰረ ሰው ነበር። እጄን ወደ ግንባሬ አንሥቼ ነው የሸኘሁት።

ሌላም ልንገርህ። ባለፈው ዓመት በዕረፍቴ ቀን ደመወዝ ለመቀበል ቱታ ለብሼ መጣሁ። በሩ ላይ የነበረው ከሌላ ምድብ የተዛወረ አዲስ ባልደረባ ስለነበር አያውቀኝም። «የት ነህ አንተ!» ብሎ አስቆመኝ። ስድስት ዓመት የቆምኩበት በር ነው። ተናደድኩ፤ ከዚያ ግን እርሱ ያደረገው እኔ በየቀኑ የማደርገውን መሆኑን ሳስበው አፌ ተያዘ።

ስለ ሁዲው ደግሞ እውነቱን ብነግርህ፣ ሌሊት ተረኛ የሆነ ጥበቃ ሁሉ ከዩኒፎርሙ ሥር ሁዲ ይለብሳል። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት በኋላ ያለውን የኅዳር ብርድ የሚችለው ሌላ ልብስ የለም። መምህርቷ ለማቀዝቀዣ መጋዘን ሠራተኞች ነው የተሠራው ሲሉ ሳቄ መጣ።

ምክር ከፈለግህ አንድ ብቻ አለኝ፦ ልብስህን ተወው፣ ቆቡን ግን በር ከመድረስህ በፊት አውርደው። እኛ የምንፈራው ሱሪውን ሳይሆን የማይታይ ፊትንና የማይታይ እጅን ነው። ከዚያም እኔ ሳልጠይቅህ «አራተኛ ፎቅ፣ እገሌ ጋ ቀጠሮ አለኝ» በለኝ። ስም የሚጠራ ሰው ስልክ የሚያነሣለት ሰው አለው ማለት ነው።

ከልደታ

በሰው ኃይል አስተዳደር ሙያ ላይ እንደመሰማራቴ ከአስተያየት ሰጪዎቹ በከፊል እለያለሁ። የተፈጸመብዎት ድርጊት ነውር ነው፤ ቅጂው መበላሸቱም ያሳዝናል። ነገር ግን እርስዎ ወደዚያ ሕንፃ የገቡት ለራስዎ ጉዳይ አልነበረም፤ ማተሚያ ቤቱን ወክለው ነው። ወካይ የሆነ ሰው ልብሱ የራሱ ብቻ አይደለም። አባቶቻችን «እንደ አገሩ ይኖሩ፣ እንደ ወንዙ ይሻገሩ» ይላሉ።

የሂፕ ሆፕ አገር በሆነችው አሜሪካ እንኳ የቅርጫት ኳስ ማኅበሩ ኤንቢኤ እ.ኤ.አ. በ2005 ተጫዋቾች ወደ ጨዋታ ሲመጡ በአንገታቸው የሚታይ ሰንሰለት፣ ካፕና መሰል ነገሮችን እንዳያደርጉ በደንብ ከልክሏል። አለን አይቨርሰንን የመሳሰሉ ታላላቅ ተጫዋቾች አጥብቀው ተቃወሙ፤ ሆኖም የታዘዙትን ለበሱ። በሕግ ረገድ ማንም እንዳይሳሳት፣ በአገራችን ስለ አደገኛ ቦዘኔነት የወጣው አዋጅ ቁጥር 384/1996 የሚመለከተው የሰውን ድርጊትና አኗኗር እንጂ የሱሪውን ስፋት አይደለም። አሠሪ ግን ለሥራው የሚስማማ የአለባበስ ደንብ ሊያወጣ ይችላል። ለሥራ ቃለ መጠይቅ የሚመጡ ወጣቶችን ሳይ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰኮንዶች አለባበሳቸው ወደ አንድ ወገን እንደሚያዘነብለኝ አልክድም። ትክክል ነው አላልኩም፤ እንደሚደርስ አውቀው እንዲዘጋጁ ነው።

ካፕና ነጠላ

ከልደታ የጻፉት ወንድም የኤንቢኤን ታሪክ እኩሌታውን ነው የነገሩን። ደንቡ ከወጣ በኋላ ተጫዋቾቹ ከመኪና ወርደው ወደ መልበሻ ክፍል የሚያልፉባትን መተላለፊያ የፋሽን መድረክ አደረጓት፤ ዛሬ ያ የብሮንክስና የሃርለም አለባበስ እዚያው በር ላይ ፎቶግራፍ አንሺ ተደርድሮ የሚጠብቀው ነው። ያሸነፈው ማን እንደሆነ እርስዎ ይፍረዱ።

እኔ ስድስት ኪሎ አካባቢ በሳምንት ሁለት ቀን ዳንስ የምለማመድ ሴት ነኝ፤ አሊያ የተባለችው አሜሪካዊት ዘፋኝ በ1990ዎቹ ለብሳው እንደነበረው ዓይነት ሰፊ ጂንስና አጭር ቲሸርት እለብሳለሁ። ለወንድ «ዱርዬ» የሚሰጠው ስም ለእኛ ሲሆን ሁለት ነው። ከሱሪው የተነሣ «ወንዳወንድ» እባላለሁ፤ ከቲሸርቱ የተነሣ ደግሞ እዚህ የማልጽፈውን። አክስቴ ሁለቱን ስድብ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ስታጣምራቸው ሰምቻለሁ። እንዴት እንደሚገጣጠሙ እስካሁን አልገባኝም።

የበር ሰው የተናገሩትን ግን በራሴ አይቼዋለሁ። በጥር አንድ ቅዳሜ ቪዲዮ ለመቅረጽ የካሜራ ማቆሚያውን በጨርቅ ቦርሳ አድርጌ ካዛንቺስ አካባቢ ወዳለ ሕንፃ ገባሁ፤ ብረቱ ከቦርሳው ወጥቶ ይታያል። ጂንስ ለብሼ ስለነበር ተፈትሼ፣ መታወቂያ አስይዤ፣ ሃያ ደቂቃ ጠብቄ ነው ያለፍኩት። በማግስቱ ያንኑ ቦርሳ ይዤ፣ ከዚያ ሰርግ ስለነበረብኝ የሐበሻ ቀሚስ ለብሼ መጣሁ። ያው ጥበቃ «ግቢ እህቴ» ብሎ ቦርሳውን ራሱ ተሸክሞ እስከ አሳንሰሩ አደረሰልኝ።

የውቤ በረሃ ልጅ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት እንደገና የታተመውን ቅጂ ይዤ ሄድኩ። ልብሱን አልቀየርኩም፤ የበር ሰው እንደመከሩኝ ግን ቆቡን ከበሩ ሃያ እርምጃ ያህል ቀደም ብዬ አወረድኩ፣ ፖስታውን በእጄ ያዝኩ፣ የደንበኛዬንም ስም ሳልጠየቅ ተናገርኩ። ያው ጥበቃ ነበር። አላስታወሰኝም። ኪሴን በመዳፉ ነካ ነካ አድርጎ አሳለፈኝ፤ ከኋላዬ የመጣውን ባለ ኮት ግን እንደ ልማዱ ሰላምታ ሰጠው። እፎይ ልበል ወይስ ልናደድ ሳላውቅ አሳንሰሩ ደረሰ።

ጋሼ ጠመኔና ሜትር፣ እርስዎ ካሉት በኋላ መስታወት ፊት ቆሜ አየሁት፤ የእኔ ሱሪ ሁለተኛው ዓይነት ነው። ወገቡን በቀበቶ ሰብስቤው ነው የምለብሰው፤ ቅምቅማቱም በተረከዜ በኩል ተበልቷል። ሰፊነቱ ሳይነካ ወገቡ ይስተካከላልን?

ጠመኔና ሜትር

ይስተካከላል እንጂ። ወገቡ ከኋላ ይፈታል፣ የተረፈው ከመቀመጫው ስፌት ጋር አብሮ ይወሰዳል፤ የእግሩን ስፋት ማንም አይነካብህም። የተበላው ቅምቅማት ተቆርጦ በአዲስ ይቀመቀማል። አድራሻዬን የልጅ ልጄ ለብቻህ ይልክልሃል። ሐሙስ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ና፤ ጠዋት መብራት አይታመንም። ያን ቢጫ ጫማህንም ተጫምተህ ና፤ የሱሪ ቁመት በባዶ እግር አይለካም።